በሰም የታሸገው ሰልባቲዮ

ሌባ ሲባል የሚደነግጥ ሰው አለ፤ ሌባ ሲባል የሚደባደብ አለ። እኔ ግን በሽማግሌ ፊት ቆሜ «ሌባው እኔ ነኝ!» ብዬ የጮህኩ፣ ጮኼም የሚያምነኝ ያጣሁ ሰው ነኝ። የሰረቅሁት አንዲት ላይተር የምታጠጣ ቤንዚን ነበር። ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ፤ ከዚያ ፍርዱ የእናንተ ነው።

ዘመኑ የንጉሡ ነው። ነቀምቴ ላይ መካኒክ ነን የምንል ሁለት ነበርን፤ ያኛውን ሰውዬ ከቁጥር ካወጣችሁት ደግሞ እኔ ብቻ። እኔ በበኩሌ አውጥቼው ነበር። አባቴ ከሸዋ ለሥራ መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው፤ እኔ እዚያው ነቀምቴ ተወልጄ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ስናገር ነው ያደግሁት። ሙያውን አዲስ አበባ፣ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ሦስት ዓመት ተምሬ ተመለስኩ። ስመለስ ይዤ ከመጣሁት መፍቻ ይልቅ ይዤ የመጣሁት አፍ ይበልጥ ነበር። መኪና ገና ከጋራዤ በር ሳትደርስ በድምፅዋ ብቻ ሕመሟን እናገራለሁ እያልኩ ጉራዬን እነፋለሁ። መሐላዬስ! «እናቴ ትሙት፣ ፖምፓው ነው!» «ጃንሆይ ይሙቱ፣ ካርቡራቶሩ ነው!» እናቴን በቀን ስንት ጊዜ እንደገደልኳት እግዜር ይወቀው፤ እሷ ምስኪን ቤቷ ተቀምጣ ለልጄ ዕድሜ ስጠው ትላለች።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ኦቦ ጉርሜሳ የጭነት መኪናቸውን ይዘው መጡ። ኦቦ ጉርሜሳ የታወቁ የማር ነጋዴ ናቸው፤ ከጊምቢ ማር በጋን በጋን እየጫኑ ነቀምቴ ያወርዳሉ። የሚነዳላቸው ቶለራ የሚባል ሰው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከንግግሩ ዝምታው የሚበዛ የወንጌል አማኝ። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ አይምልም። እኔና እሱን አንድ ላይ ያየ ሰው ሁለታችንንም የፈጠረ አንድ እግዚአብሔር ነው ብሎ ለማመን ይቸገራል።

«አበራ፣ ይህቺ መኪና ቤንዚን መጠጣት አበዛች» አሉኝ ኦቦ ጉርሜሳ። «ድሮ ጊምቢ ደርሳ በምትመለስበት ቤንዚን፣ አሁን ጊምቢ ላይ ልሙት ትላለች። ማሎ፣ እባክህ እስቲ እያት።»

እዚህ ላይ የሙያውን ሕግ ልንገራችሁ። መኪና ቤንዚን አባከነች ሲባል መጀመሪያ የሚደረገው ሥሯ ገብቶ መተኛት ነው። ከሰልባቲዮው፣ ማለትም ከነዳጅ ቋቱ ተነስቶ በፊልትሮና በፖምፓ በኩል እስከ ካርቡራቶሩ የሚሄደውን ቱቦ በጣት እየዳሰሱ መሄድ። ሞተር ሲነሳ ብቻ የሚያፈስ፣ ሲጠፋ የሚደርቅ ቦታ አለ፤ ሥሯ ገብቶ ያልዳሰሰ ሰው አያገኘውም። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ግን ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሠርግ ተጠርቼ ነበርና ከልብስ ሰፊው እጅ ገና የወጣ ግራጫ ሱሪ ለብሻለሁ። በዚያ ሱሪ መሬት ልተኛ? የማይታሰብ ነው!

እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ መኪናዋን ዞርኳት። ሰልባቲዮውን በጣቴ አንኳኳሁት። ጋራዤ ከገበያው ዳር ስለሆነ ቅዳሜ ተመልካች አይጠፋም፤ ሸክም ያወረደውም ጨው የገዛውም ከቦናል። ሰው ሲከበኝ ደግሞ አፌን አላህም አይችለው፣ ማርያምም አትችለው።

«ኦቦ ጉርሜሳ» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «መኪናዎ አልጠጣችም። ቤንዚን እግር የለው፣ በራሱ አይሄድም፤ የሚወስደው እግር ያለው ነው!»

ገበያተኛው በሳቅ አውካካ። እኔም ሳቅሁ። ቶለራ ግን አልሳቀም፤ ዞር ብሎ አየኝና «አበራ፣ ሥሯ ገብተህ አላየሃትም» አለኝ።

«እኔ የማየው በጆሮዬ ነው!» አልኩት። እንደገና አውካኩልኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ሠርጉ ሄድኩ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ይሉ የለ? ለእኔ ቀልድ ነው፤ ለኦቦ ጉርሜሳ ግን አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ መካኒክ የሰጠው ቃል ነው። ቤታቸው ገብተው ሲያስቡት፣ ሲያስቡት ከረሙና አንድ ዘዴ መጣላቸው። የማር ጋን ለመንገድ ሲዘጋጅ እንዴት እንደሚታሸግ አይታችኋል? አፉ ላይ ቁራጭ ቆዳ ይደረጋል፣ በሲባጎ ይጠፈራል፣ ዙሪያውን የቀለጠ ሰም ይፈስበታል። ኦቦ ጉርሜሳ ደግሞ ሰሙ ሳይደርቅ የጣታቸውን ቀለበት ይጫኑበታል። የእሳቸው ቀለበት ያረፈበትን ጋን ከፍቶ ልይ የሚል ገዥ ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ የለም፤ ከአባታቸው የወረሱት አሠራር ነው። ታዲያ ምን አደረጉ መሰላችሁ? የሰልባቲዮውን ክዳን እንደ ማር ጋን አሸጉት። ቆዳ፣ ሲባጎ፣ ሰም፣ ቀለበት!

ከዚያ በኋላ መኪናዋ የምሯን መታመም ጀመረች። ጥቂት ትሄድና ትንተፈተፋለች፣ ከዚያ ቀጥ። ቆይታ ትነሳለች፣ እንደገና ቀጥ። ኦቦ ጉርሜሳም ሁለት ሳምንት ታግሰው አንድ ሐሙስ ጠዋት ጋራዤ ከተፍ አሉ።

«ያልከው እውነት ነበር» አሉኝ። «ቶለራን መስረቁን ስከለክለው በእልህ መኪናዬን ያበላሽብኝ ጀመር። ነገሩን ለሰፈራችን ለቡርቃ ጃቶ ሽማግሌዎች ሰጥቻለሁ። ቅዳሜ ኦቦ ዋቅጅራ ግቢ ቀርቦ አልሰረቅሁም፣ አላበላሸሁም ብሎ ይምላል። ካልማለ የሌባ ስሙን ተሸክሞ ይሄዳል። ዛሬ ጊምቢ ወርደን ነገ እንመለሳለን፤ አንተ አብረኸኝ ሂድና ሲያበላሻት በዓይንህ እይ። ምስክሬ አንተ ነህ።»

ቶለራ እንደማይምል አገር ያውቃል። ቃሌ አዎ ከሆነ አዎ ነው፣ ከዚያ በላይ የለኝም ባይ ነው፤ የሚምለውን ሰው እንኳ አይነቅፍም፣ ብቻ እሱ አይምልም። በዚያን ጊዜ ደግሞ ወለጋ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ይተዋወቃል። ሌባ የተባለ ሾፌር ዳግመኛ መሪ አይጨብጥም። ቶለራ ደግሞ ከመንዳት ሌላ ሙያ የለውም፤ ሚስቱ ሦስተኛ ልጃቸውን ወልዳ አራስ ቤት ናት።

ኦቦ ጉርሜሳ ሰልባቲዮውን ደርሶ መመለሻ የሚበቃ ቤንዚን አስሞልተው አሸጉና ሦስታችን ጋቢና ውስጥ ተጠጋግተን ተነሳን፤ ቶለራ መሪው ላይ፣ ኦቦ ጉርሜሳ በበሩ በኩል፣ እኔ መሐል።

ዲጋን አለፍ እንዳልን ተንተፈተፈችና ቆመች። ዘልዬ ወረድኩ፣ ኮፈኑን ከፈትኩ። ፖምፓው ደርቋል፣ ቤንዚን አይደርሰውም። ፊልትሮውን አውጥቼ አራገፍኩ፤ ከሰልባቲዮው የሚመጣውን ቱቦ ጫፍ ከፖምፓው ፈትቼ አፌ ውስጥ ከተትኩና ጉንጬ እስኪወጠር ወደ ኋላ ነፋሁ። መልሼ አሰርኩ። ተነሳች!

«እናቴ ትሙት፣ ፊልትሮው ነበር!» አልኩ እጄን እየጠረግሁ።

አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን ቀጥ። አሁን ካርቡራቶሩን ፈታሁ፣ ቀዳዳዎቹን አጸዳሁ፣ ለማንኛውም ብዬ ቱቦውን ነፋሁ። ተነሳች። «ጃንሆይ ይሙቱ፣ የካርቡራቶሩ መርፌ ነበር!» ወደ ዴዴሳ ስንወርድ ለሦስተኛ ጊዜ ቀጥ። ፖምፓውን ፈታትቼ ገጠምኩ፣ ቱቦውን ነፋሁ፣ ተነሳች። «ማርያምን፣ ፖምፓው ነበር!»

ቶለራ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። «ሦስት በሽታ ነው ያላት ወይስ አንድ?» አለኝ።

ኦቦ ጉርሜሳ ቀደሙኝና «በሽታዋ አጠገብህ ተቀምጧል» አሉ ወደ መሪው በአገጫቸው እያመለከቱ።

ለአራተኛ ጊዜ የቆመችው የዴዴሳን ድልድይ ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ነው። ሰዓቱ እኩለ ቀን፣ ሙቀቱ የሚያቀልጥ ነው። ቶለራ ለራዲያተሩ ውሃ ሊቀዳ ጄሪካኑን አንጠልጥሎ ወደ ወንዙ ወረደ። ኦቦ ጉርሜሳ ከመንገዱ ማዶ ዛፍ ጥላ ሥር ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ጋደም አሉ። ወዲያው ማንኮራፋት ጀመሩ። እኔ ኮፈኑን ልከፍት ስል ሲጋራ አማረኝ። ኪሴን ዳበስኩ፣ ሲጋራው አለ። ላይተሬን ቸረ፣ ቸረ ባደርገው ደርቋል። የቤንዚን ላይተር ነው። ጠብታ ቤንዚን ቢያገኝ ይነሳል፤ ግን ካርቡራቶሩም ፖምፓውም ባዶ ናቸው። ቤንዚን ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም በኦቦ ጉርሜሳ ቀለበት ታሽጓል።

ወዲያ አየሁ፣ ያንኮራፋሉ። ወዲህ አየሁ፣ ቶለራ ገና ወንዙ ዳር ነው። ሰይጣን ትከሻዬ ላይ ተቀምጦ «አይዞህ አበራ፣ ማን ያይሃል?» አለኝ። ሰንጢዬን አወጣሁ፣ ሙቀቱ ያለሰለሰውን ሰም በስሱ ገለጥኩት፣ ሲባጎውን ፈታሁ፣ ክዳኑን ስከፍት—

ፉሽሽሽሽሽ!

እናንተዬ፣ ወደ ኋላዬ በቂጤ ተቀመጥኩ! ሰልባቲዮው ውስጥ ሰው ታፍኖ ኖሮ የተነፈሰ ነው የመሰለኝ። ኦቦ ጉርሜሳ ማንኮራፋታቸውን አቋረጡ። እኔም መተንፈሴን አቋረጥኩ። ከዚያ ዞር ብለው ቀጠሉ፤ እኔም ቀጠልኩ። እንጨት ላይ ጨርቅ ጠቅልዬ ነከርኩ፣ ላይተሬን አጠጣሁ፣ ክዳኑን፣ ቆዳውን፣ ሲባጎውን መለስኩ፤ ሰሙን በአውራ ጣቴ ለጠፍኩት። ዙሪያው ግን እንደ ቀድሞው አልገጠመም፤ የቀለበቱም ምልክት ጠመም ብሎ ቀረ። «ማን ሊያየው!» ብዬ ርቄ ሄጄ ሲጋራዬን ለኮስኩ።

ቶለራ ውሃውን ይዞ መጣ። ኦቦ ጉርሜሳም ነቁ። «ሠራሃት?» አሉኝ። እኔ የኮፈኑን ጫፍ እንኳ አልነካሁም! ግን ምን ልበል? «እንሞክራት» አልኩ። ቶለራ ሞከራት፣ ባንዴ ተነሳች። ዳገቱን ጀመርን። አሁን ትቆማለች ስል፣ አሁን ትንተፈተፋለች ስል፣ ያን ሁሉ ዳገት እየዘፈነች ወጣችው።

አናቱ ላይ ስንደርስ ነገሩ ገባኝ። ጄሪካን አፉን ጥርቅም አድርጋችሁ ብትዘቀዝቁት እንቅ እንቅ ይልና ይቆማል እንጂ አይወርድም፤ ቤንዚኑ በወጣበት ልክ አየር ካልገባ አይሄድም። ለዚህ ሲባል የሰልባቲዮ ክዳን መርፌ የምታህል ቀዳዳ አለችው። ኦቦ ጉርሜሳ የዘጉት ሌባን ሳይሆን እሷን ነው! እኔ ደግሞ ቱቦውን በአፌ ስነፋ ቆሻሻ የማስወጣ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ሦስቱንም ጊዜ የምትነሳው ትንፋሼ ቱቦውን ይዞ ሰልባቲዮው ውስጥ ስለሚገባላት ነው። ፊልትሮው ጤነኛ፣ ካርቡራቶሩ ጤነኛ፣ ፖምፓው ጤነኛ፣ ቶለራ ጤነኛ።

«ታዲያ ወዲያው ለምን አልተናገርክም?» ትሉኝ ይሆናል። ምን ብዬ? «ኦቦ ጉርሜሳ፣ ተኝተው ሳለ ማኅተምዎን ሰብሬ ቤንዚንዎን ሰረቅሁ፤ መኪናዎን ያሳመሟት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎን ያሳመምኩ ደግሞ እኔ ነኝ» ልበል? አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል፤ ያ ያለ ቦታው ሲለፈልፍ የኖረ አፌ በሚያስፈልግበት ሰዓት ድርቅ አለ። ዝም ብዬ ጊምቢ ደረስን፣ ማሩን ጫንን፣ አደርን። በማግስቱ ከነጭነቷ አንድም ጊዜ ሳትንተፈተፍ ወደ ነቀምቴ ተመለሰች።

ይብሱን ያቃጠለኝ ነገር ምን መሰላችሁ? ቢያንስ ጎበዝ መካኒክ እባላለሁ ብዬ ነበር። ኦቦ ጉርሜሳ ግን መንገዱን ሙሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ «አየህ? መሐላው ሲቀርብ ፈርቶ ማበላሸቱን ተወ» ይሉኛል። ደህና መሄዷም በቶለራ ላይ ማስረጃ ሆነ!

ዲጋ ሻይ ልንጠጣ ስንቆም ቶለራን ለብቻው አገኘሁት። «አንተ ሰው፣ እውነት ካልሰረቅህ ብትምል ምናለበት? አንዲት ቃል ናት» አልኩት።

«አንተ ስትምል ሰው ያምንሃል?» አለኝ።

«አያምነኝም።»

«ታዲያ እኔ ስለማልኩ ለምን ያምኑኛል?» ሻዩን ጨለጠና ብርጭቆውን በቀስታ አስቀመጠ። «ሚስቴም እንዳንተ ማል ትለኛለች፤ ከአራስ አልጋዋ ላይ ሆና ታለቅሳለች። ልጆቼ ምን እንደሚበሉ አላውቅም አበራ። ግን አልምልም።»

ያን ጊዜ ልነግረው አፌ ላይ ደረሰ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ደርሶ ተመለሰ። በራሴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ቅዳሜ ኦቦ ዋቅጅራ ግቢ ተሰበሰብን። ኦቦ ዋቅጅራ በቡርቃ ጃቶ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ መኪናዋም ግቢው ውስጥ ቆማለች። ኦቦ ጉርሜሳ ከመሐላው በፊት ማኅተሜን ላሳያችሁ ብለው ሽማግሌዎቹን ወደ ሰልባቲዮው መሯቸው። ራሳቸው ኦቦ ጉርሜሳ ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለዋውጧል።

«ተከፍቷል!» አሉ። «ቀለበቴ ተጣሟል! ዓይናችሁ ይየው፣ ሰርቆኛል!»

ጉድ ፈላ! የከበበው ሰው አጉረመረመ። ኦቦ ዋቅጅራ ወደ ቶለራ ዞረው «ልጄ፣ ዱጋ ዱበዱ» አሉት፤ እውነቱን ተናገር ማለታቸው ነው። «አልነካሁም ካልክ ማልና እንመንህ።»

ቶለራ ባርኔጣውን አወለቀ። «አባቶቼ፣ አልነካሁም። አልሰረቅሁም። አልምልም» አለ። ከኋላ አንዱ «አለቀለት» ሲል ሰማሁት።

እግሮቼ ሳያማክሩኝ ተነሱ። «ሌባው እኔ ነኝ!» አልኩ።

ግቢው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ያ አበራ፣ ያ ቀልደኛ! አንዱ ሽማግሌ እንባቸውን ጠረጉ።

«የምሬን ነው! እናቴ ትሙት!» አልኩ። ይባስ ሳቁ። «ጃንሆይ ይሙቱ!» እየተንከባለሉ ሳቁ። ላይተሬን አውጥቼ ለኮስኩ፤ «ይኸው፣ ይህ የኦቦ ጉርሜሳ ቤንዚን ነው!» አልኩ። ከሳቁ ብዛት የሚሰማኝ ጠፋ። ኦቦ ዋቅጅራ ብቻ አልሳቁም፤ «አበራ፣ የሰው ስም ላይ አይቀለድም፤ ተቀመጥ» አሉኝ። ቶለራ «አልሰረቅሁም» ብሎ የሚያምነው አጣ፤ እኔ «ሰርቄያለሁ» ብዬ የሚያምነኝ አጣሁ። ልቅሶ ልቅሶ አለኝ።

«እኔን አትመኑ» አልኩ በመጨረሻ። «መኪናዋ ትመስክር። ኦቦ ጉርሜሳ ሰልባቲዮውን አስሞልተው በገዛ እጃቸው፣ በገዛ ቀለበታቸው ያሽጉት። ቶለራም እኔም መሪ አንይዝም። ወደ ዲጋ እንሂድ። ሳትቆም ከደረሰች እኔንም እሱንም የፈለጋችሁትን አድርጉን።»

ሽማግሌዎቹ ተመካክረው እሺ አሉ። መሪ የሚይዝ ገለልተኛ ሰው ሲፈለግ ማን ተጠራ መሰላችሁ? ያ ከቁጥር ያወጣሁት መካኒክ! መጣና በፈገግታ መሪውን ጨበጠ፤ እኔ እንደ ጆንያ ኋላ ተጫንኩ። አራቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ከእኔና ከቶለራ ጋር ኋላ ወጡ፤ ኦቦ ጉርሜሳ ጋቢና ገቡ።

በሕይወቴ መኪና ትቆም ዘንድ የጸለይኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ከከተማ ወጣን፣ አልቆመችም። አንዱን ዳገት ወጣች፣ አልቆመችም። ቶለራ ዓይኑን ጨፍኗል። የዲጋ ቤቶች ጣራ ከሩቅ ብልጭ ሲል ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ያኔ ተንተፈተፈች። እንደገና ተንተፈተፈች። ቀጥ!

ሽማግሌዎቹ እንደ ልጅ አጨበጨቡ። መኪና ተበላሸ ብሎ የደስታ እልልታ ያስነካ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም፤ ያን ቀን አየሁ። ወረድን። እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ራቅ ብዬ ቆምኩና «ኦቦ ዋቅጅራ፣ እርስዎ ራስዎ ይክፈቱት» አልኩ። ሰሙን በጥፍራቸው ፈለፈሉት፣ ሲባጎውን ፈቱ፣ ክዳኑን ሲያነሱት ፉሽሽሽ አለ። ሽማግሌው ወደ ኋላ ሸሹና «ሃፉራ ባፈተ!» ብለው ጮኹ፤ ተነፈሰች ማለታቸው ነው። ያ መካኒክ ሞከራት። ባንዴ ተነሳች።

ኦቦ ጉርሜሳ የጣታቸውን ቀለበት እያዩ ቀሩ።

አሁንም አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፤ መጀመሪያ ቤንዚኑን የበላው ምንድን ነው? ሞተሩ እንደተነሳ ሥሯ ገባሁ፤ የዲጋ አቧራ ላይ ተንጋለልኩ። ከፖምፓው ወደ ካርቡራቶሩ የሚሄደውን የመዳብ ቱቦ በጣቴ እየዳሰስኩ ሄድኩ። ማሰሪያው ሥር ስደርስ ጣቴ ራሰ። ቱቦው ከማሰሪያው ጋር ሲፋተግ ኖሮ ተሰንጥቋል፤ ሞተር ሲነሳ ያለቅሳል፣ ሲጠፋ ይደርቃል። ይህን ለማግኘት የፈጀብኝ ጊዜ አንድ ሲጋራ የማጨስ ያህል አይሆንም። ሱሪዬን ሳልቆጥብ ያን ጊዜ ብገባ ኖሮ ያን ጊዜም ይኸው ነበር።

ፍርዱ እዚያው መንገድ ዳር ተሰጠ። ኦቦ ጉርሜሳ ቶለራን ይቅርታ ይጠይቁ ተባለ፤ ጠየቁ፣ እግሩ ላይ ሊወድቁ ሲሉ እሱ አነሳቸው። እኔ ደግሞ ሦስት ቅዳሜ፣ ያንኑ ቃል በተናገርኩበት ቦታ፣ ገበያው ሲሞላ ቆሜ በአማርኛም በኦሮምኛም «ቶለራ አልሰረቀም፤ እኔ ሳላይ ነው የተናገርኩት» እንድል ተፈረደብኝ። አልኩ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሁለተኛውም ሳቀ። በሦስተኛው ዝም ብለው ሰሙኝ። ሦስተኛው ነው የከበደኝ።

ኦቦ ጉርሜሳ ቶለራን አትሂድብኝ ብለው ለመኑት። እሱ ግን «ኦቦ፣ ሰሙን አነሱት እንጂ ዓይንዎን ከእኔ ላይ አያነሱትም» ብሎ ቁልፉን አስረከበና አውቶቡስ ላይ ተቀጠረ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ይህችን ሙያ ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። መሐላ ትቻለሁ፤ እናቴም ረጅም ዕድሜ ኖረች። የመኪና ባለቤት መጥቶ «ማን አበላሸብኝ?» ሲለኝ «ቆይ፣ መጀመሪያ ልተኛላት» እላለሁ፤ ሥሯ ሳልገባ ስለ ሰው ቃል አልተነፍስም። እናንተም መካኒክ ባትሆኑ ስለ ሰው ለመፍረድ የምትቸኩሉበት ቀን አይጠፋችሁምና ይህን ያዙልኝ።

ቶለራ አውቶቡሱን የሚያሠራው እኔ ጋ ነው። ይቅር ብሎኛል፣ ክርስትና ባያስነሳም ለልጁ ስም ሲያወጣ ጠርቶኛል። ግን ጋራዤ በገባ ቁጥር ኮፈኑን ከመክፈቴ በፊት ፊቴ ይቆማል፤ ሁለት እጁን ወደ ላይ ያነሳል፤ «መጀመሪያ እኔን ፈትሸኝ» ይለኛል። ሠራተኞቹ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ። እሱ ግን አንዳንድ ቀን አይስቅም።